ቃልና ኅሊና በተጋጩ ጊዜ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ አባቶቻችን የቃልን ክብር ከልጅ ፍቅር በላይ አድርገው አስቀመጡት። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው በአደባባይ ያፍራል፤ ዘመዱም በስሙ አንገቱን ይደፋል። ነገር ግን ሰው ቃሉን ከሰጠ በኋላ ዕውቀቱ ቢጨምርና ቃል የገባበት ነገር ሕዝብን የሚጎዳ መሆኑን ቢረዳ ምን ያድርግ? ቃሉን ቢጠብቅ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ኅሊናውን ቢከተል የታመኑበት ሰዎች ከዳን ይሉታል። ጥያቄው በተለይ የሕዝብ አደራ ለተቀበለ ሰው ከባድ ነው፤ የእርሱ ስሕተት በራሱ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርምና።

ይህን ነገር ያለ ምሳሌ ብንመረምረው ነፋስ እንደ መጎሰም ይሆንብናል። ስለዚህ ጥያቄው በእውነት የደረሰበትን የአንድ ሰው ታሪክ እንመልከት። እርሱም በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን አንቶኒ አሽሊ ኩፐር፣ በኋላ 7ኛው የሻፍትስበሪ ኧርል የተባለው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሎርድ አሽሊ በ1801 በሎንዶን ከተማ ከታላቅ ቤት ተወለደ። ሆኖም የቤቱ ታላቅነት ለሕፃኑ ፍቅርን አላተረፈለትም። አባትና እናቱ ልባቸው የቀዘቀዘ ስለ ነበር፣ ፍቅርንና ጸሎትን የተማረው ማሪያ ሚሊስ ከምትባል የቤት አገልጋይ ነው። እርስዋ ስትሞት የወርቅ ሰዓትዋን አወረሰችው፤ እርሱም ያን ሰዓት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከኪሱ አልለየውም።

በ1826 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ሆነ። በመጀመሪያ የተቆረቆረላቸው በሰንሰለት ታስረው በጭድ ላይ ይተኙ ለነበሩት የአእምሮ ሕሙማን ነው። በ1833 ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጉዳይ በምክር ቤቱ ፊት ተረከበ። በ1842 የወጣው የመርማሪዎች ጽሑፍ፣ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ትንንሽ ልጆች በጨለማ ተቀምጠው በር ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ ሌሎችም ወገባቸውን በሰንሰለት ታጥቀው እየዳሁ የከሰል ጋሪ ሲጎትቱ መገኘታቸውን በሥዕል ጭምር ገለጠ። በዚያው ዓመት አሽሊ ባቀረበው ሕግ መሠረት ሴቶችና ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ። ከሁሉ ይልቅ የደከመበት ግን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ለማስወሰን ነበር።

እንግዲህ ፈተናው የመጣው በዚህ ድካም መካከል ነው። በእንግሊዝ አገር በ1815 የወጣ የእህል ሕግ ነበር። ሕጉ በየጊዜው ቢሻሻልም ዓላማው የውጭ ስንዴ በርካሽ እንዳይገባ መከልከል ስለ ነበር፣ ባለ መሬቱን ሲጠቅም የድኃውን እንጀራ ያስወድድ ነበር። አሽሊን የመረጠው የዶርሴት አውራጃ የገበሬና የባለ ርስት አገር ነው። በ1841 መራጮቹ ድምፃቸውን ሲሰጡት ይህን ሕግ ይጠብቅልናል ብለው ነው። በ1845 ግን በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ተበላሸና ረኀብ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰር ሮበርት ፒል ሕጉን ለመሻር ቈረጠ። አሽሊም ሕጉ ከእንግዲህ ሊቆም እንደማይገባው አመነ።

በፊቱ ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው፣ ያላመነበትን ሕግ ደግፎ ቃሉን መጠበቅ፤ ሁለተኛው፣ በመራጮቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመራጮቹ ላይ ድምፅ መስጠት፤ ሦስተኛው፣ ወንበሩን መመለስ። አሽሊ ሦስተኛውን መረጠ። በጥር ወር 1846 የ10 ሰዓቱን ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ባቀረበ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። ረቂቁን ጆን ፊልደን የተባለው እንደራሴ ተረከበው፤ ነገር ግን በግንቦት ወር በ203 ድምፅ ተቃውሞና በ193 ድምፅ ድጋፍ፣ ይኸውም በ10 ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። አንድ ሰው፣ «አሽሊ የገዛ ስሙን ንጽሕና ለመጠበቅ ሲል በመኪና አጠገብ የቆሙትን ልጆች ተዋቸው፤ የእርሱ ክብር ዋጋ በእነርሱ ድካም ተከፈለ» ሊለን ይችላል። በእውነትም ኅሊናውን የሚያስውብ፣ ሌላው ግን ዕዳውን የሚከፍልለት ሰው በዓለም ላይ አይታጣም። እንዲህ ያለው ጽድቅ ከራስ ወዳድነት እምብዛም አይርቅም።

ለዚህ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ቃል የሰጪው ብቻ ንብረት አይደለም፤ ከተሰጠ በኋላ የተቀባዩም ነው። ስለዚህ ሰጪው ሐሳቡ ስለ ተለወጠ ብቻ ብቻውን ሊሽረው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው በቃሉ ምክንያት የተቀበለውን ነገር ለባለቤቱ መመለስ ነው። አሽሊ ከዶርሴት ሰዎች የተቀበለው ወንበር ነበር፤ የመለሰውም ያንኑ ወንበር ነው። ልጆቹንም አልተዋቸውም። ከምክር ቤት ውጭ ሆኖ ወደ ፋብሪካዎቹ አገር እየሄደ በየስብሰባው ስለ 10 ሰዓት ሥራ ተናገረ። ሕጉ በሰኔ 1847 ሲጸድቅ እርሱ ተራ ዜጋ ነበር፤ በምክር ቤት ውስጥ የድሉ ክብር የፊልደን ሆነ። ለሥራው እንጂ ለስሙ የሚቆረቆር ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን በደስታ አይቀበለውም ነበር ብለን እንዳንናገር የሚከለክለን፣ ክብሩን ያጣው በገዛ ፈቃዱ መሆኑ ነው።

ታዲያ ፒልን እንኰንነው? እርሱም በእህል ሕግ ጠባቂዎች ድምፅ ወደ ሥልጣን ወጥቶ ሕጉን በዚያው ሥልጣን ሻረ። እኛ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም እንላለን። አሽሊ የያዘው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቢለቅቅ ሌላ ሰው ይተካዋል። ፒል የያዘው የመንግሥቱን መሪ ነበር፤ ረኀብም የሚቀጥለውን ምርጫ አይጠብቅም። እሳት የተነሣበትን ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ሳያስፈቅድ በሩን ቢሰብር አይከሰስም። ቢሆንም ፒል ያለ ዋጋ አላለፈም። በሰኔ 1846 የእህሉ ሕግ መሻሩ በመኳንንቱ ምክር ቤት በጸደቀበት ሌሊት፣ የተቈጡት የገዛ ወገኖቹ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ሆነው በሌላ ጉዳይ ጣሉት፤ በጥቂት ቀንም ከሥልጣኑ ወረደ።

እንግዲህ ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፤ ሐሳባቸውን በለወጡ ጊዜ የከሰሩት ራሳቸው ናቸው። ሐሳቡን ለውጦ የሚሾም ሰው ምናልባት ቅን ሊሆን ይችላል፤ ቅንነቱን ግን ሊያስረዳ የሚችል ምስክር አያገኝም። ሐሳቡን ለውጦ የሚሻር ሰው ግን ሽረቱ ራሱ ይመሰክርለታል። በርግጥ መክሰር ብቻውን እውነተኛነትን አያረጋግጥም፤ ስለ ስሕተቱ ሲል የሚከስርም ሞልቶአል።

አሽሊ ራሱ ፍጹም ሰው አልነበረም። ለድኃው ሕግ እንዲወጣለት ሲታገል፣ ድኃው ራሱ ድምፅ እንዲሰጥ ግን አልፈቀደም፤ በ1867 የመራጮችን ቍጥር ያበዛውን ሕግ ተቃወመ። ለታናናሾች መናገር ታናናሾችን ከማስናገር ጋር አንድ አለመሆኑን አላየም። ይህ ጉድለቱ ግን የጥር 1846ን ሥራ አያጐድፈውም። በ1851 አባቱ ሞተና ማዕርጉን ወርሶ ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ገባ። በ1875፣ በ74 ዓመቱ፣ ሕፃናት ጭስ ማውጫ ለመጥረግ ወደ ውስጥ እንዲገቡ ማድረግን በመጨረሻ ያስቀረውን ሕግ አስወጣ። በጥቅምት 1885 ሲሞት የሎንዶን ድኆች መንገዱን ሞልተው አስከሬኑን ሸኙ።

ወንበር በአደራ የምንይዝ ሁላችን ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምክር አለ። ሐሳብን መለወጥ ነውር አይደለም፤ ዕውቀት ሲጨምር ሐሳብ ይለወጣል። ነውሩ የድሮውን ቃል ዋጋ በአንድ እጅ ይዞ፣ የአዲሱን ሐሳብ ዋጋ በሌላው እጅ መቀበል ነው። ቃሉን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ቢያንስ ስለ ቃሉ የተቀበለውን ይመልስ።