እንግዳ ሆኖ እንዳይቀር



ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማችን ዛሬ የምትጠራው በሆሳዕና በዓል ስም ነው። ሆሳዕና የአቀባበል በዓል ነው። ሕዝቡ ልብሱን በመንገድ ላይ አንጥፎ፣ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ ጌታን በዝማሬ ተቀበለው። ነገር ግን ያ ደማቅ አቀባበል ሳምንት እንኳ አልዘለቀም፤ ዓርብ ዕለት በመስቀሉ ሥር የቆሙት እናቱና ጥቂት ወዳጆቹ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ስም በተሸከመች ከተማና በአካባቢዋ የምንኖር እኛ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ወደ እኛ የሚመጣውን ሰው የምንቀበለው ለአንድ ቀን ነው ወይስ ለዘለቄታው?

ጥያቄው በዘመናችን ይበልጥ ይመለከተናል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የመጡ ወጣቶች በመካከላችን ይኖራሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ በመሆኗ የመንግሥት ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ይዘው መጥተዋል። ከገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሺንሺቾ የሚገባውም ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ መካከል እሑድ ጠዋት መጥተው ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ፣ ቅዳሴው ሲፈጸምም ማንም ሳያነጋግራቸው የሚወጡ አሉ።

እንግዳ መቀበልን ማንም አያስተምረንም እንል ይሆናል። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ከቤት ያለው መልካም ነገር ይቀርባል፣ የተሻለው መቀመጫ ይለቀቅለታል። ሆኖም እንግዳ ውኃ አይቀዳም፤ ከብት አያስገባም፤ በቤቱ ጉዳይም ምክር አይጠየቅም። በክብር ተስተናግዶ ይሸኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ሲያስቀድስ የኖረ ሰው ዛሬም «ያ እንግዳው» እየተባለ የሚጠራ ከሆነ፣ አስተናገድነው እንጂ ገና አልተቀበልነውም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች (2፥19) በክርስቶስ መጻተኝነታቸው ቀርቶ የእግዚአብሔር ቤተሰብ እንደ ሆኑ ያስተምራቸዋል። ይህን ከራሱ ሕይወትም ያውቀው ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተውት ነበር፤ በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ፣ ስለ እርሱም መሰከረለት (የሐዋ. ሥራ 9፥26-27)። በኋላም እስከ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ አገኘው፤ ወደ አንጾኪያም አምጥቶ አብሮት አንድ ዓመት አስተማረ (11፥25-26)። በርናባስ እጁን ያዘው፣ ዋስ ሆነው፣ ሥራም ሰጠው። እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ እንግዳው ቤተኛ ይሆናል።

በአካባቢያችን ልጁን፣ ወንድሙን ወይም ዘመዱን ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እናት በዚያ ላለው ልጇ ምን ትጸልያለች? ሲታመም የሚጠይቀው፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲቀደስ አጠገቡ ተቀምጦ ገጹን የሚያሳየው ሰው እንዲያገኝ ትጸልያለች። ይህችው እናት በገዛ ቁምስናዋ አጠገቧ የተቀመጠችውን የሌላ እናት ልጅ ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ ብትወጣ ጸሎቷ ጎደሎ ነው።

በሀዲይኛና በከምባትኛ መጸለያችን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ልንተወው አይገባም። ግን ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ግድግዳ እንዳይሆንበት እንጠንቀቅ። ካፑቺን ሚሲዮናውያን ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ከምባታ መጥተው በዋገበታ ሥራቸውን ሲጀምሩ እነርሱም ባዕዳን ነበሩ፤ ቋንቋውንና የአገሩን ልማድ ያሳዩአቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ቁምስናዎቻችን የተተከሉት እንግዳን በተቀበሉ ሰዎች መካከል መሆኑን አንርሳ።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ይህ ሸክም የእናንተ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሚሲዮን ሥራ ባወጣው ድንጋጌ ንዑሰ ክርስቲያንን ማሳደግ የካህናትና የካቴኪስቶች ብቻ ሳይሆን የመላው ማኅበረ ምእመናን፣ በተለይም የክርስትና አባቶችና እናቶች ኃላፊነት እንደ ሆነ አስተምሯል። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ ስሙንና ሰፈሩን ጠይቁ። በሰፈሩ ካሉት ምእመናን ለአንድ ቤተሰብ አደራ ስጡት፤ ያ ቤተሰብ ለሚቀጥለው እሑድ በመንገዱ ይጥራው፣ ከቀረም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀው። ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ ድምፅ ያለው ከመዘምራን ይግባ፤ ሌላውም ቤተ ክርስቲያኑን ሲያጸዱ አብሮ ይያዝ። በዕድራችሁም አስገቡት፤ በባዕድ ከተማ ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ እንዳያጣ የሚሠጋ ሰው ልቡ አያርፍምና።

ቅዱስ ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ወደ ፊት፣ ድኻውን ወደ እግር ሥር የሚያስቀምጡትን ይወቅሳል (2፥1-4)። የቢሮ ኃላፊው ሲመጣ ተነሥተን፣ የቀን ሠራተኛዋ ስትመጣ እንዳላየ የምናልፍ ከሆነ ወቀሳው ለእኛም ነው።

ወዳጆቼ፣ ጌታ በፍርድ ቀን እንግዳ ሆኖ እንደ መጣና እንደ ተቀበልነው ወይም እንዳልተቀበልነው ይነግረናል (ማቴ. 25)። በሚመጣው እሑድ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ እንወቅ። የአብርሃምን ድንኳን የጎበኘ አምላክ ልባችንንም ቤታችንንም ይክፈትልን። አሜን።