አምስተኛዋ ጀሪካን

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሐሙስ ሌሊት ይመጣል ይባላል፤ አንዳንዴ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ያን ሰሞን ሁለት ሳምንት ቀረ። ሮቶው ባዶውን ሆነና ቤት ውስጥ አምስት ጀሪካን ብቻ ተረፈን። ባለቤቴ ጀሪካኖቹን ኮሪደሩ ላይ ደርድራ፣ "እነዚህ ሁለቱ ለመጠጥና ለወጥ፤ ይቺ ለልጆቹ ገላ፤ ይቺ ለሽንት ቤት" ብላ አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ይቺን እንግዲህ ለጽጌረዳህም ታጠጣት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።"

ለቀልድ ያለችው ነው፤ እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቦም-ባወርክ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ ጫካ ውስጥ ለብቻው የሚኖር አንድ ገበሬ አለ። አምስት ጆንያ እህል አምርቷል። አንዱ እስከ መጪው መኸር ነፍሱን ያቆይለታል፤ ሁለተኛው ጉልበት ይሰጠዋል፤ ሦስተኛውን ለዶሮዎቹ፣ አራተኛውን ለአረቄ መድቧል። በአምስተኛው ለጨዋታ የሚያረባቸውን በቀቀኖች ይቀልባል። አንዱ ጆንያ ቢጠፋበትስ? ከሁሉም ላይ አንድ አምስተኛ አይቀንስም፤ በቀቀኖቹ ይቀርባቸዋል እንጂ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆንያ የሚመዘነው በመጨረሻዋና በትንሿ ፍላጎት ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 መጽሐፉ ያነሣው እንቆቅልሽም፣ ያለ ውሃ የማይኖር ሰው ውሃን ርካሽ አልማዝን ውድ ማድረጉ፣ መልስ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ሰው ዋጋ የሚያወጣው ለውሃ ሁሉ ሳይሆን እፊቱ ላለችው ተጨማሪ ጀሪካን ነው። ጽጌረዳዬን እያየሁ፣ እውነት ነው አልኩ። ልቤም ዐረፈ፤ አንድ ሰዓት ያህል።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በላይ ዳገቱ ላይ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። በግቢያቸው ያለው የጋራ ቧንቧ ፈረቃው ሲደርስም ጠብ አይልላቸውም። ባዶ ጀሪካን ይዘዋል።

"ልጄ፣ አንዲት ብታበድሩኝ፤ ሲመጣ እመልሳለሁ።"

አምስተኛዋን በጀሪካናቸው ገለበጥኩላቸው። ዳገቱ ድረስ ተሸክሜላቸው ስመለስ ግን ያ ገበሬ ይከነክነኝ ጀመር። ጫካ ውስጥ ብቻውን ነው፤ በሩን የሚያንኳኳ የለም። የእኔ አምስተኛ ጀሪካን ለእሳቸው የመጀመሪያቸው መሆኑን ምሳሌው የሚናገርበት ቦታ የለውም። የኢኮኖሚ ሊቁ ሊዮኔል ሮቢንስ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ኢኮኖሚክስ ማለት ሰው በብዙ ዓላማዎቹና ለተለያየ ጥቅም በሚውሉ ውስን ነገሮች መካከል እንዴት እንደሚኖር የሚያጠና ነው ብሎ ሲተረጉም፣ በዚያው መጽሐፍ የአንዱን ሰው እርካታ ከሌላው እርካታ ጋር የሚያመዛዝን ሳይንሳዊ ሚዛን የለም ብሎም ተከራክሯል። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። በሩ ላይ ግን ሚዛን አላስፈለገኝም፤ የደረቀ ከንፈራቸውን አየሁ፣ በቃ።

ወይስ ሮቢንስን እየበደልኩት ይሆን? አትስጥ አላለም። ፍርዱ ከሳይንሱ አይመነጭም ነው ያለው። ጽጌረዳና ጥም ሲሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። እሳቸው ሁለተኛ ጀሪካን ቢጠይቁኝስ? የእኔ ልጆች ገላና የእሳቸው የልጅ ልጆች ልብስ እጥበት ቢፎካከሩ የቱ ይቀድማል? እዚያ ላይ እኔም ምላሴ ተሳሰረ። ለካ ያ እርግጠኝነቴ የጸናው ጥያቄው ቀላል ስለነበረ ነው።

ውሃው የመጣው በማግስቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንደ ልማዴ ተነሥቼ ፓምፑን አስነሣሁ። ፓምፑ ከዋናው መስመር በቀጥታ ይስባል። እንደማይፈቀድ አውቃለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል ብዬ ራሴን ካሳመንኩ ግን ቆይቻለሁ። ሮቶው ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል፤ መቶ ጀሪካን መሆኑ ነው። ድምፁን እየሰማሁ በጨለማ ቆሜ ሳለሁ ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ዳገቱ ላይ ቧንቧው ጠብ የማይለው እኛ ታች ስለምንስበው ነው። "እጥረት አለ" ስል የኖርኩት እንደ ዝናብ መቅረት፣ ማንም እንዳላመጣው ነገር ነበር። የእሳቸው እጥረት ግን በከፊል እኔ ነኝ።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሃብ የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ወሎ የሚያወሳው ምዕራፍ ያኔ በሌላ ዓይን ታየኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1965 ወሎ ሲራብ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ የሚወጣ እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ሲሳዩ ብቻ ሳይሆን ገቢውም አብሮ ጠፍቷል። ሆዱ እየጮኸ ኪሱ ዝም ካለ ገበያው አይሰማውም። ዋጋው ሳይናር ሰው አለቀ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የክፍፍል ነው ልል ነበር፤ ይህንንም ተጠራጠርኩ። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች፣ የአቃቂም ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የሚሰጡት ውሃ የተወሰነ ነው፤ ከተማዋ ግን በየዓመቱ ትሰፋለች። ፓምፑ ሁሉ ቢነቀል ፈረቃው ፍትሐዊ ይሆን ይሆናል እንጂ አይቀርም። ያኔም አንዱ ሲቀዳ ሌላው ይጠብቃል። ውስንነቱ እውነት ነው፤ የጠባቂው ማንነት ግን ከውስንነቱ አይመጣም። ሁለቱን አንድ ቃል ስለሸፈናቸው ይመስለኛል ስንት ዓመት ሳልለያቸው የኖርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቲቱ መጡ። ጀሪካናቸው ባዶ ነው፤ በእጃቸው ግን አሥር ብር ጨብጠዋል።

"ውሃው እኔ ጋ ሳይደርስ ሄደ። መመለስ አልቻልኩምና ይቺን ተቀበለኝ። አሁንም አንዲት ልቅዳ።"

"ኧረ እማማ፣ በሞቴ! የምን ብር ነው? እንዲሁ ይቅዱ።"

"አይሆንም ልጄ። እንዲሁ ከሰጠኸኝ ሌላ ቀን በምን ዓይኔ እመጣለሁ?"

ይህን አልጠበቅኩም። ገንዘብን በድሃ ፊት የሚዘጋ በር አድርጌ ስከሰው ነበር ያደርኩት፤ እሳቸው ግን ተመልሰው የሚገቡበት በር አድርገውታል። በነጻ ብሰጣቸው በውለታ ይታሰራሉ፤ ብከፈል ነገም ቀና ብለው ያንኳኳሉ። ተቀበልኳቸው።

ስለ ፓምፑ አልነገርኳቸውም። ከቧንቧቸው የሳብኩትን ውሃ መልሼ ለራሳቸው ሸጥኩ፤ እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። አሥሩ ብር እስካሁን ፍሪጁ ላይ ብርጭቆ ተደፍቶበት ተቀምጧል። ባለቤቴ ዳቦ ልትገዛበት ሁለት ጊዜ አነሣችው፤ ሁለቱንም ጊዜ "ተይው" አልኳት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ መልሱን ለሐሙስ ሌሊት ቀጠርኩት፤ ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው።