መንገድ ዳር መጽሐፍ ለምትዘረጋው ልጅ

ልጄ፣ ይጁቤ መንገድ ዳር መጽሐፍ ልትዘረጋ ማሰብህን እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። መነሻ ገንዘብ ከመጠየቅህ በፊት ግን እኔ ልጠይቅህ፦ ከምትዘረጋው ውስጥ ስንቱን አንብበኸዋል? «አያ፣ እኔ ሻጭ እንጂ አንባቢ አይደለሁም» እንዳትለኝ። ጤፍ ነጋዴ እንኳ በመዳፉ ዘግኖ ማኛ ይሁን ሰርገኛ ሳይለይ ዋጋ አይጠራም።

እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ በዚሁ ሥራ ጸጉሬን አሽብቻለሁ። የአዲስ አበባ መጽሐፍ ሻጭ አንዱን ደንበኛ ቢያጣ ሌላ መንገደኛ ያልፍለታል። ይጁቤ ላይ ግን ዛሬ ያታለልኸው ሰው ነገም ከነገ ወዲያም በፊትህ ነው የሚያልፈው፤ ልጁም አብሮህ ቅዳሴ ይቆማል። ስለዚህ ሳታውቀው «ግሩም መጽሐፍ ነው» ብለህ አትሽጥ። ካላነበብኸው «ይህን ገና አላየሁትም» በል። ሰው በዚህ አይቀየምህም።

በገበያ ቀን የሚመጣው ገበሬ ከሁሉ በፊት ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ይጠይቅሃል፤ ፊደሉ ጎላ ያለውን አስቀርተህ ጠብቀው። ከዚያ ተማሪ አለ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ወላጅ ሁሉ የፈተና መልመጃ ፈላጊ ሆኗል። ሥርዓተ ትምህርቱ መለወጡን ግን ብዙው ወላጅ ልብ አይለውም። ለአሮጌው የተዘጋጀውን መልመጃ ላላወቀ አባት መሸጥ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ስለ መዝናኛ ደግሞ ከሌሎች መጽሐፍ ሻጮች የተለየ ነገር ልንገርህ። እኛ ስንሰበሰብ ኳሱን፣ ድራማውንና ስልኩን እንከሳለን። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር «በቃ፣ ንባብ ተቀበረ» ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ያኔም አልተቀበልሁትም። ምክንያቴ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ሲያሳትሙት መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ ሰው በአገሩ ጥቂት ነበር። ቤት ለቤት ያዳረሰው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ጉዱ ካሣን አወቀ፣ ለሰብለ ወንጌል አለቀሰ። ሬዲዮው ገበያችንን አልነጠቀንም፤ ገዢ ላከልን እንጂ። በቅርቡ ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል። ድራማው መጽሐፉን መስሏል አልመሰለም የሚለውን ክርክር ለሌሎች ተወውና አንተ መጽሐፉን ከፊት አስቀምጥ።

ሲገዙም ዝም ብለህ አትስጥ። ሐዲስ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት መሆኑን፣ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውንም በዚሁ በጎጃም ደብሮች መማራቸውን ንገራቸው። ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ ደራሲ የፈጠራቸው ስሞች ሳይሆኑ መኪና ተሳፍረህ የምትደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን ካልነገርሃቸው ምኑን የጎጃም መጽሐፍ ሻጭ ሆንህ? የእንግሊዝ ክለቦችን ተጫዋች በስም የሚዘረዝረውንም ልጅ አትናቀው። ኢትዮጵያ በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ቡድኑን ስለመሩት፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ስለመሩት ስለ ይድነቃቸው ተሰማ አንሣለት። ጆሮው ሲቆም ታያለህ፤ ጆሮው ከቆመ ወደ መጽሐፍ የሚያመጣውን መንገድ አንተ ፈልግለት።

ወሬን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገርህ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰው ወሬ የሚያገኝበት አጣ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ወደ መጽሐፍ ሻጭ ይመጣል። አንዱን መጽሐፍ እያገላበጠ፣ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ፣ «እንዴት ነው ነገሩ?» ይልሃል። ያላየኸውን አትናገር። «ሰማሁ» ብለህ የወረወርኸው ቃል ሰው ሊያስገድል ይችላል። አንዳንዱም የየትኛው ወገን እንደሆንህ ለማወቅ ነው የዘረጋኸውን መጽሐፍ የሚቆጥረው።

መፍትሔው የፖለቲካ መጽሐፍ መደበቅ አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ወጥተው ታግደዋል፤ ሁለቱም በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖሩ። መፍትሔው አንድ ወገን ብቻ አለመያዝ ነው። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004 ወጣ፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በ2006። ሁለቱም በሥልጣን የነበሩ ሰዎች ቃል ናቸው። እነሱን ለያዘ ሰው የኢሕአፓውን የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ» አሳየው። የሁለቱ ወገን ደራሲዎች በዘመናቸው ጠላት ነበሩ፤ አንተ ሸራህ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የየትኛው ወገን ነህ ለሚልህም መልስህ እሱ ይሁን።

የሌላውን ወገን መጽሐፍ ጨምሮ መግዛት ላቃተው አከራየው። ኪራይ የትንሽ ከተማ መጽሐፍ ሻጭ እንጀራ ነው። ማስያዣ ብለህ ግን መታወቂያ አትቀበል፤ በዚህ ዘመን መታወቂያ ያልያዘ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው ታውቃለህ። የዋጋውን ግማሽ አስይዘው፣ ሲመልስ መልስለት።

ኮፒ የተደረገ መጽሐፍ በርካሽ እናምጣልህ የሚሉ ይመጡብሃል። የቅጅ መብት አዋጅ ከ1996 ጀምሮ አለ፣ ቁጥሩም 410 ነው፤ ግን አዋጁን ፈርተህ ብቻ አይደለም የምትተወው። ገጹ ይዘላል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ደራሲው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። የሚቀጥለውን መጽሐፍ ማን ይጽፍልሃል?

ክረምቱን በተመለከተ ደግሞ፣ መጽሐፍ መሬት ላይ አታሳድር፤ ከሥሩ ጣውላ፣ ከላዩ ላስቲክ አድርግ። የእኛን አገር ዝናብ ታውቀዋለህ።

መነሻ ገንዘብ አልሰጥህም፤ መጽሐፍ ግን እሰጥሃለሁ። ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ከቤቴ የፈለግኸውን ምረጥ፣ አንብበህም ተመለስ። ቁጭ ብለን ስለየመጽሐፉ እጠይቅሃለሁ። ያነበብኸውን በዱቤ ትወስዳለህ፤ ያላነበብኸውን በጥሬ ገንዘብ ትገዛለህ።