የባሕር አደን ለምን ተፈቀደልን?

ዛሬ የማነሣላችሁ ጥያቄ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይዤው የተመለስኩት፣ እስካሁንም ከልቤ ያልወጣ ጥያቄ ነው። ለመብላት ሳይሆን ለመጫወት ብለን ነፍስ ያለውን ፍጡር ብናሠቃይ፣ ኋላም ብንለቀው፣ መልቀቃችን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣናልን?

በጥር ወር 2017 (እ.ኤ.አ.) ለንግድ ጉዳይ ኬንያ ሳለሁ አንድ የሥራ ወዳጄ ወደ ማሊንዲ ጋበዘኝ። ማሊንዲ የስዋሂሊ ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩባት፣ ቫስኮ ዳ ጋማም በ1498 ወደ ሕንድ ሲያልፍ ያረፈባት ጥንታዊት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ዛሬ «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስባቸው ሞቃት ወራት ትላልቅ ዓሦችን በዘንግና በመንጠቆ ለመያዝ ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች አሏት። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይም በ1934 በዚሁ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥምዷል።

ይህ ጨዋታ የራሱ ደንብ አለው። በ1939 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ክብረ ወሰን እንዲመዘገብለት የሚፈልግ ሰው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ዘንጉን ሌላ ሰው ሊነካለት አይችልም። በ1953 ፔሩ ባሕር ላይ የተያዘው ጥቁር ማርሊን 1,560 ፓውንድ (707 ኪሎ ያህል) ይመዝን ነበር። እንግዲህ የሚፈለገው ሥጋው ሳይሆን ትግሉ መሆኑን ልብ ይሏል።

እኔም በጀልባዋ ላይ ዘንግ ተሰጠኝ። የነከሰልኝ ሴይልፊሽ የሚባለው ነበር፤ አፉ እንደ ጦር የሾለ፣ በጀርባው ላይ እንደ ሸራ የሚዘረጋ ክንፍ ያለው ዓሣ ነው። ከውሃው ወጥቶ ሲዘል ገላው ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ አበራ። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልነው። አልዋሽም፣ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ ዝሎ ከጀልባዋ ጎን ሲደርስ አንድ አዛውንት መርከበኛ በጓንት አፉን ይዘው መንጠቆውን አወጡለት፤ ቁጥር ያለበት ትንሽ ምልክትም ሰኩበት። ከዚያም ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትሄድ ውሃ በመተንፈሻው እንዲያልፍለት ደግፈው ያዙትና ነፍስ ሲዘራ ለቀቁት። ጓደኞቼ አጨበጨቡ።

ስንመለስ አዛውንቱ ሶላታቸውን ሰግደው ሲያበቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ፣ «ምዜ፣ ይህ ሥራችን አላህ ዘንድ አያስጠይቀንም ይሆን?» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ አባቴ በታንኳ ወጥቶ የያዘውን ዓሣ እናቴ ታበስለው ነበር። ዛሬ ዓሣው ወደ ባሕሩ ይመለሳል፣ እኔም ደሞዜን ይዤ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ። ጥያቄው ግን ዘንጉን ለያዘው ሰው ይመስለኛል» አሉኝ።

ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ዓሣን መልቀቅ ርኅራኄ ነው የሚሉ ወገኖች ማስረጃ የላቸውም አልልም። በገደል አፋፍ ያለን ዝርያ ያተርፋል፤ የሚሰካው ምልክትም ዓሦቹ የት እንደሚጓዙ አስተምሯል፤ ክብ መንጠቆም ከሆድ ይልቅ የአፉን ጥግ ስለሚይዝ ጉዳቱን ይቀንሳል። ዳሩ ግን እስኪዝል ከታገለ በኋላ ተለቆ፣ ከዓይናችን ርቆ የሚሞትም አለ። ደግሞስ ሰውን ጉድጓድ ውስጥ ገፍትሮ ከጣለ በኋላ በገመድ ጎትቶ ያወጣውን «ደግ ሰው» እንለዋለን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ የባሕር አደንን ሲፈቅድልን ለእኛና ለመንገደኞች መጠቀሚያ መሆኑን አብሮ ገልጾልናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር የዒላማ መለማመጃ ማድረግን ከልክለዋል፤ የሚታረደው እንስሳ እንዳይሠቃይም ቢላዋው እንዲሳል አዘዋል። እንግዲህ ለምግብ በምናርደው እንስሳ ላይ ሥቃይ ማብዛት ካልተፈቀደልን፣ ሥቃዩ ራሱ መዝናኛ ሲሆን ምን ሊባል ነው?

እዚህ ላይ የደረስኩበት ሐሳብ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ዓሣውን ይዞ፣ ገድሎ፣ ለቤተሰቡ ያበላው የታንኳ አጥማጅ ዓሣውን ከለቀቅኩት ከእኔ ይልቅ ወደ ርኅራኄ የቀረበ ነው። የእርሱ ዓሣ ለረሃብ መልስ ሆኗል። የእኔ ዓሣ ግማሽ ሰዓት የተሠቃየው እኔ እንድደሰት ብቻ ነው፤ መልቀቄም ያንን ግማሽ ሰዓት አይመልስለትም።

ይህን ስል በዚህ ሥራ እንጀራቸውን በሚያገኙት መርከበኞች ላይ መፍረዴ አይደለም። ጨዋታውን የሚገዛ ባይኖር የሚሸጥ አይኖርምና። ሐራም ነው ብዬ ፈትዋ ለመስጠትም ዕውቀቱ የለኝም፤ እርሱን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። የእኔ ድርሻ የገዛ ኒያዬን መመርመር ነው። በዓመቱ ያ ወዳጄ ዳግም ሲጋብዘኝ ከባሕሩ ዳር ቀረሁ፤ ማታ ከታንኳ አጥማጆች ዓሣ ገዝቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ በላሁ።

ወላሁ አዕለም።