መድኃኒቱና ማዕዱ ይተዋወቁ

በዐቢይ ጾም በብዙ ደብር ቅዳሴ የሚያበቃው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት እንበል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባቸው። ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ግሊቤንክላማይዳቸውን ውጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። መድኃኒት አቋርጠው አያውቁም፤ ጾምም ሽረው አያውቁም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ይጭበረበራል። አጠገባቸው የቆሙት “ደክሟቸው ነው” ብለው ያስቀምጧቸዋል። ቤት ሲገቡ የደነገጡ ልጆች ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያቀርቡላቸዋል። ማታ ሲለካ መሣሪያው ከ300 በላይ ያሳያል። “ምን በልተሽ ነው፣ እማዬ?” የሚለው ቁጣ ይከተላል።

እኒህን እናት ሰነፍ የሚላቸው ሰው ተሳስቷል። ያደረጉት ሁሉ ከትጋት የመጣ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ስለ ምግቡ፣ ምግቡም ስለ መድኃኒቱ የሚያውቁት ነገር አለመኖሩ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ኪኒን ነው፤ ሆድ ውስጥ ምግብ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ምግቡ ሲቀር ስኳሩ ይወርዳል፤ በድንጋጤ የመጣው ማዕድ ደግሞ ሰማይ ያደርሰዋል። በአገራችን “ስኳሬ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ይላል” ብለው ክትትል ክፍል የሚቀመጡ ብዙዎች ታሪካቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የወረደ ስኳርን ማወቅ ይገባል፣ ምክንያቱም የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ነው። ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ወርዷል፤ ከ54 በታች ከሆነ አደጋ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ምልክቶቹ ናቸው። ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መስጠት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም። ከተነሣ በኋላ መጠነኛ ምግብ ይበቃል፤ ሁለት እንጀራ አያስፈልግም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይደረግ፤ ይታነቃል። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ጠበል የሚረጨውም ይርጭ፣ ስኳሩን የሚበጠብጠው ግን አይዘግይ።

ወደ ሥሩ እንመለስ። ሰው በበላ ቁጥር ቆሽት ኢንሱሊን ትለቃለች፤ ጡንቻ፣ ጉበትና ስብም በእሱ ትእዛዝ ግሉኮስን ከደም ይቀበላሉ። በአንዳንድ ሰው ዘንድ ግን እነዚህ ክፍሎች ትእዛዙን መስማት ያቆማሉ። ሐኪሞች ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚሉት ይህን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስዎርዝ በ1936 እ.ኤ.አ. ሕመምተኞችን ለኢንሱሊን በሚታዘዙና በማይታዘዙ ከፍሎ ጽፎ ነበር። ቆሽት ትእዛዙ ካልተሰማ እጥፍ ድርብ ኢንሱሊን ታመርታለች፤ አቀበት ላይ ጭነት እንደተጨመረባት አህያ ለዓመታት ችላ ትሄድና አንድ ቀን ትንበረከካለች። ያኔ ነው በደም ምርመራ ላይ ቁጥሩ የሚወጣው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126ና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ይባላል። የሦስት ወሩን አማካይ በሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ድንበሩ 6.5 በመቶ ነው።

ከቁጥሩ በፊት የሚታዩ ነገሮችም አሉ። ወገብ ላይ የተሰበሰበ ቦርጭ አንዱ ነው። ሌላው ማጅራትና ብብት ላይ የሚወጣ፣ ብዙ ሰው እድፍ መስሎት በሳሙና የሚፈትገው ጠቆር ወፈር ያለ ቆዳ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ያየ ሰው የሚያስፈልገው ሳሙና ሳይሆን የደም ምርመራ ነው።

“ማታ ምንም ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት 180 የሆነው ለምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ በየክሊኒኩ ይሰማል። መልሱ ጉበት ነው። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ጉበት ካከማቸውና ራሱ ከሚሠራው ግሉኮስ ወደ ደም ይለቃል። ለኢንሱሊን የሚታዘዝ ጉበት መጠኑን ያውቃል፤ የማይታዘዘው ግን ያለ ልክ ያፈስሰዋል። ስለዚህ እራትን መዝለል መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው ሌሊት መውረድን ይጋብዛል።

አሁን ወደ ማዕዱ። “ጥቁር ጤፍ ስኳር የለውም” የሚለው ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። ጤፍ ብረትና አሰር ያለው መልካም እህል ነው፤ ዱቄቱ ግን በአመዛኙ ኃይል ሰጪ ነው፤ ሆድ ገብቶ ግሉኮስ ይሆናል፣ ጥቁርም ሆነ ነጭ። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማርም ያው ስኳር ነው፤ ንብ ስለሠራችው አይምርም። ትልቁ ችግር ግን እንጀራው ራሱ ሳይሆን ልኩ አለመታወቁ ነው። ከአንድ ትሪ አራት ሰው ሲበላ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ ማን ያውቃል? ለስኳር ሕመምተኛ በራሱ ሳህን ማቅረብ ከማዕዱ ማግለል ተደርጎ መታየት የለበትም። ግማሽ ሳህኑ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያ ወይም ጥቅል ጎመን፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፤ የቀረው ሩብ እንጀራ ይሁን። ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሞ፣ እንጀራውን አስከትሎ መብላት ከምግብ በኋላ ያለውን ንረት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። በዚህ ረገድ የጾም ገበታችን ከብዙ አገር ምግብ ይሻላል፤ እንጀራው ካልበዛበት በቀር።

የማይታየው ስኳር የተደበቀው መጠጥ ውስጥ ነው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል፤ ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ቡናውም ቢሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ሲገባበት ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ ያውም ከሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ከተፈላ። ቡናውን ያለ ስኳር መልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ያስቸግራል፣ ከዚያ በኋላ ምላስ ይለምዳል። (በጨው የሚጠጣበት አካባቢም አለ፤ እሱ ደግሞ ደም ግፊት ላለበት ሌላ ጣጣ ነው።)

ጉርሻ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ሰርግ ቤት ወይም ለቅሶ ቤት “በቃኝ፣ ስኳር አለብኝ” ያለን ሰው “በሞቴ! አንድ ቀን ምን ያደርጋል!” ብሎ ማጉረስ ፍቅር ይመስላል። ያ ሰው ግን በሳምንት ሦስት እንዲህ ያለ “አንድ ቀን” አለበት፤ ለቅሶው፣ ማኅበሩ፣ ክርስትናው። በሞቴ ተብሎ እምቢ ማለት በባህላችን ነውር ስለሆነ ሸክሙ ከሕመምተኛው ጫንቃ መነሣት አለበት። አስተናጋጇ አንድ ጊዜ ጠይቃ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምታ ትለፍ። ከፈለገች ጎመን ታጉርስ።

ከምግብ በኋላ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር መሄድም ትልቅ ነገር ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ግሉኮስ ስለሚስብ፣ ትእዛዝ አልሰማ ላለው ሰውነት ይህ የጓሮ በር ነው።

መድኃኒት ላይ ሲደርስ ሰው ሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ኪኒኑን ውጦ እንደ ልቡ ይበላል። ሌላው “ኪኒን ኩላሊት ይጎዳል” ብሎ ሺፈራው ቅጠልና አብሽ ላይ ይሰፍራል። በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ዘሩ የተመዘዘው አውሮፓውያን ከጥንት ለመድኃኒት ይጠቀሙበት ከነበረ ጋሌጋ ከሚባል ተክል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 እ.ኤ.አ. ለስኳር ሕመም መጠቀሙን ይፋ አደረገ። ኪኒኑም ከቅጠል ጋር ይዛመዳል ማለት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ መታወቁ፣ ውጤቱም ጉዳቱም ለአሥርተ ዓመታት መመዝገቡ ነው። ሥራው ከልክ በላይ የሚለቀውን ጉበት መግታት ሲሆን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ኩላሊትን አይጎዳም፤ ኩላሊቱ ቀድሞ ለተዳከመ ሰው ግን መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል፤ በየጊዜው የኩላሊት ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ሆድ የሚያውክ ከሆነ ከምግብ ጋር መውሰድ፣ ከትንሽ መጠን መጀመር ይረዳል። ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ 12ም ይመርመር፤ እግር የሚያደነዝዘው ሁልጊዜ ስኳሩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሌላው ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት “ስኳሬ ተስተካክሏል” ብሎ ማቆም ነው። የተስተካከለው መድኃኒቱ ስላለ ነው። መቀነስ ሲያስፈልግ የሚቀንሰው ሐኪም ነው፤ ክብደት የቀነሰና አመጋገቡን ያስተካከለ ሰው በእርግጥም ሊቀነስለት ይችላል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ደግሞ መርፌውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይውጉ። የተደጋገመበት ቦታ ያብጣል፤ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን በፍጥነት ሌላ ቀን በዝግታ ይገባና ስኳሩን ያዋዥቃል። ነጣ ያለው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በመዳፍ መካከል በቀስታ ይንከባለል፤ አይወዝወዝ። ፍሪጅ የሌለበት ቤት በእርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል፤ በረዶ የነካው ግን ይጣል።

ከአሜሪካ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣ የሚመጣው መድኃኒትም ጥንቃቄ ይሻል። ግሉኮፋጅና ሜትፎርሚን አንድ ናቸው፤ ልጅ የላከችውንና ከከነማ መድኃኒት ቤት የተገዛውን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው እጥፍ መድኃኒት እየወሰደ ነው። መለኪያ መሣሪያውም ያሳስታል። የእንግሊዝና የስዊድን መሣሪያዎች የሚያነቡት በሌላ ስሌት ሲሆን የእነሱ 7 የእኛ 126 ነው፤ በ18 ማባዛት ነው። “ስኳሬ 7 ሆነ” ብለው አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻቸውን ያስለቀሱ አይጠፉም።

የአኗኗር ለውጥ ሰውነትን ምን ያህል እንደሚነካ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ምስክር ናቸው። በአገራቸው እያሉ የስኳር ሕመምን እምብዛም የማያውቁ ሰዎች ወደ እስራኤል በተጓዙ ጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በመካከላቸው ተስፋፋ፤ በወጣቶቹ ላይ ጭምር መታየቱን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ መጠጥና ቁጭ ብሎ መዋል በአንድ ጊዜ መጡባቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጤና ብሪዑት የተሰኘው ድርጅት ለእነዚሁ ወገኖች በገዛ ቋንቋቸውና በገዛ ምግባቸው መምከርን ሥራው አድርጎ ይዞታል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰውም ከገጠር ከመጣ ወዲህ የሆነበት ከዚህ ብዙ አይለይም፤ አውሮፕላን አለመሳፈሩ ነው እንጂ።

መከላከል እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ቅድመ ስኳር ያለባቸውን 3,234 ሰዎች ተከታትሎ በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ያወጣው ጥናት፣ ክብደታቸውን ሰባት በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት ወደ ስኳር ሕመም የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ሜትፎርሚን ብቻ የወሰዱት ሰዎች ዕድል ደግሞ በ31 በመቶ ቀነሰ። ይህ ግን ወፈር ላለ ሰው የተነገረ ምክር ነው። በጎንደር ገጠር ለረጅም ጊዜ እንደተመዘገበው፣ በምግብ እጥረት ያደጉ ቀጫጭን ወጣቶችም የስኳር ሕመም ይይዛቸዋል፤ እነሱን “ክብደት ቀንሱ፣ አትብሉ” ማለት መግደል ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ሕመምተኛን አያስገድዱም። ይህን የንስሐ አባትም ኢማምም ያውቃሉ፤ ይጠየቁ። መጾም የሚሻ ግን ሐኪሙን የሚያማክረው ጾሙ በገባ ማግስት አይደለም። ለረመዳን የወጡ የሕክምና መመሪያዎች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ይላሉ፤ ለዐቢይ ጾምም ይኸው ይሠራል። የኪኒኑ ሰዓት ወደ መብያው ሰዓት ይዛወራል፣ ግሊቤንክላማይዱ ይቀነሳል ወይም በሌላ ይተካል። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ መለካት የማይችል ሰው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አንዱን ምግብ መርጦ ሊበላ ሲልና መብላት ከጀመረ ሁለት ሰዓት በኋላ ይለካና በደብተር ይጻፈው፤ ለብዙ ሰው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ከ180 በታች ጥሩ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን ብቻ ይዞ አይሂድ። ያን ደብተር፣ ሕመምተኛው የሚውጠውን ኪኒን በሙሉ፣ ከውጭ የመጣውንም የቅጠሉንም ዱቄት፣ በአንድ ፌስታል አድርጎ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያፍስስ፤ የሚበላበትን ሰዓትም ይንገር።