መስጂዱ የማን ነው?

 

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ለጁሙዓ የምትሄዱበት መስጂድ የማን ነው?

«የኛ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። የሰፈራችን ነው፣ አባቶቻችን ያሠሩት ነው፣ እኛም ያዋጣንበት ነው። ልክ ናችሁ። ግን «የኛ» የምትለው ቃል አንዳንዴ ጠባይዋ ይበላሻል። የለመድነው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ስናገኝ ፊታችን ይጠቁራል። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሐሳብ ሲሰጥ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» እንላለን። ብዙ ብር የሰጠ ሰው ድምፁ ከፍ ይላል፤ ምንጣፉን የሚጠርገውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አናውቀውም።

ይህን ጥያቄ ይዘን እስቲ ሩቅ እንሂድ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ከተማ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1780 የሆላንድ ገዢዎች ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ አንድ ዓሊም አስረው ወደ ኬፕታውን አመጡ። የቲዶሬ ደሴት መሳፍንት ዘር የሆኑት ኢማም ዐብዱላህ ኢብን ቃዲ ዐብዱሰላም ናቸው። ሕዝቡ «ቱዋን ጉሩ» ይላቸዋል፤ እኛ በአክብሮት «ሼኻችን» እንደምንለው። የታሰሩት በሮበን ደሴት ነው። ኋላ ኔልሰን ማንዴላ የታሰሩበት ያ ደሴት ማለት ነው። ሼኹ ሐፊዝ ነበሩና ቁርኣንን ሙሉውን ከልባቸው አውጥተው በእጃቸው ጻፉት። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲፈቱም አላረፉም። ዶርፕ በሚባለው መንገድ መድረሳ ከፍተው ባሪያዎችንና ነፃ የወጡ ሰዎችን ማስተማር ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ በከተማዋ እስልምናን በአደባባይ መተግበር በሕግ የተከለከለ ነበር። ሼኹ መስጂድ ለመሥራት ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ሙስሊሞቹም አንድ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ቆመው ጁሙዓን ሰገዱ።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። ስማቸው ኮሪዶን ቫን ሲሎን ይባላል። «የሲሎኑ ኮሪዶን» ማለት ነው። ሲሎን የዛሬዋ ስሪላንካ ናት። በኬፕታውን ባሪያ ሲመዘገብ የአባቱ ስም አይጠየቅም፤ የመጣበት አገር ስም ይለጠፍበታል። እኚህ ሰው ባሪያ ነበሩ። ማለትም እሳቸው ራሳቸው የሌላ ሰው ንብረት ነበሩ፤ እንደ ዕቃ የሚሸጡ፣ የሚወረሱ። ከዚያ ነፃ ወጡ። በ1794 ደግሞ እዚያው ዶርፕ መንገድ ላይ ቤትና ቦታ ገዙ።

እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። «የኔ» ማለት ተከልክላችሁ ከኖራችሁ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔ» የምትሉት ቤት አገኛችሁ። ምን ታደርጉበታላችሁ? እኔ በበኩሌ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ የማስር ይመስለኛል።

ያ ቦታ ግን መስጂድ ሆነ። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው መስጂድ ነው፤ ስሙም አል-አወል፣ «የመጀመሪያው» ነው። ቱዋን ጉሩም ኢማሙ ሆኑ። ቦታው ኋላ ወደ ልጃቸው ወደ ሳርቺ ቫን ደ ካፕ ሲተላለፍ፣ እሳቸውም ሸጠው መክበር ሲችሉ መስጂድ ሆኖ እንዲቀጥል አደረጉ። ዛሬም ይሰገድበታል። ሱብሐነላህ!

በልባቸው የነበረውን አላህ ያውቃል። እኔን ያስተማረኝ ግን ይህ ነው። መስጠት የሚችለው የተረፈው ሰው ብቻ ይመስለናል። «ሥራ ስይዝ፣ ሲሞላልኝ እሰጣለሁ» እንላለን። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል። አንድ ጊዜ የሰው ንብረት ሆኖ የኖረ ሰው ባለቤትነት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ያውቃል። ትናንት «ጌታህ ነኝ» ያለው ሰው ዛሬ አፈር ነው። የወቅፍም ምስጢሩ ይኸው ነው፦ አንድን ነገር «የኔ» ከሚለው መዝገብ አውጥቶ ለእውነተኛው ባለቤት መመለስ። አላህም በሱረቱል ጂን መስጂዶች የእሱ መሆናቸውን ነግሮናል።

«ምድር ሁሉ መስገጃ ተደርጋልን የለ? ታዲያ ቤቱ ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እነሱም ካባ ውስጥ ሰግደዋል፣ ሶላታቸውም ሶላት ነው። ግን አስቡት። ከተማው ሙሉ ጌታና ባሪያ ብሎ በለያያቸው ጊዜ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚቆሙበት ሰፍ ያስፈልጋቸው ነበር። የኛው ሐበሻ ቢላል (ረ.ዐ) ከባርነት ወጥተው አዛን ያሉት እንዲህ ባለ ጀመዓ መካከል ነው። ደግሞም ሜዳ ላይ የሰገደ ሰው ሶላቱን ይዞ ይሄዳል። መስጂድና መድረሳ የተከለ ግን ገና ላልተወለደ ልጅ ጭምር ቦታ ይዞለታል።

የሼኹ ቁርኣንስ የት ደረሰ? በ1980ዎቹ አጋማሽ አል-አወል ሲታደስ፣ ሠራተኞች ከጣሪያው ሥር በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ አገኙት። ማን እንዳስቀመጠው ስሙ አልተጻፈም። የአላህ ቃል እንዳይጠፋ ብሎ ከፍ አድርጎ አስቀምጦ ወደ ጌታው ሄደ። እሱም የመስጂዱ ሰው ነው።

እዚያው ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሌላ ሰፈር ነበር። በ1966 የአፓርታይድ መንግሥት ሰፈሩን «የነጮች ብቻ» ብሎ አወጀው። ከ60,000 በላይ ሰዎች ተነቅለው ከከተማው ርቀው ተጣሉ፤ ቤቶቻቸውም በዶዘር ፈረሱ። መስጂዶቹ ግን ሳይፈርሱ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው ቀሩ። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ጁሙዓ ሲደርስ ከተጣለበት እየተነሣ፣ ሰፈር ወደሌለው መስጂድ እየተመለሰ ሰገደ። በዚያች ሰዓት «የሰፈሬ መስጂድ ነው» የሚል ሰው አልነበረም፤ ሰፈሩ ራሱ የለማ! የቀረው የአላህ ቤትና ወደዚያ የሚመጡ እግሮች ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄውን ልገልብጠው። «መስጂዱ የማን ነው?» ከምንል፣ «እኔስ የመስጂዱ ነኝ ወይ?» እንበል። የሰፈሩ ሰው ቢበተን የምመለስ ነኝ? ኮሚቴው ቢያስቀይመኝ የምቀር ነኝ ወይስ የምቆይ?

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። ስትሞት ሶሓባዎች ጉዳዩን ቀለል አድርገው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። እሳቸው ግን አጧት፤ ጠየቁ። ሞታለች ሲባሉ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ቀብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። የመስጂዱ ባለቤት ዘንድ ማን እንደሚታወቅ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?

ዛሬ ስትሄዱ እንግዲህ ለመጣው ሰው ጠጋ በሉለት። መስጂዳችሁን የሚጠርገውን ሰው ስሙን ጠይቁት፣ ዱዓ አድርጉለት። ከእናንተ በኋላ ለሚሰግድ ሰውም አንድ ነገር ትታችሁ ውጡ፤ አንድ ቁርኣን ወይም አንድ ልጅ ያስተማራችሁት አሊፍ ይሁን። ሲሞላልን አንበል።

ያ አላህ! ቤት ሳይኖራቸው ቤትህን ላቆሙት ሁሉ እዝነትህን አውርድላቸው። እኛንም ልባችን በመስጂድ ከተንጠለጠለ ባሮችህ አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍንና ሰለዋትን አትርሱ። መልካም ጁሙዓ!