ቀጥተኛው መስመርና ያልተሮጠው ሩጫ

የሰው ልጅ ነገን ለማወቅ ያለው ጉጉት ጥንታዊ ነው። ኮከብ ቆጣሪው ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር፤ የዘመናችን ተንባይ ደግሞ ወደ ሰንጠረዥ ያቀረቅራል። በስፖርቱ ዓለም ከሰንጠረዥ ላይ ትንቢት ለማውጣት ከሚያገለግሉት ስልቶች ቀላሉና የታወቀው መስመራዊ ሪግሬሽን ይባላል። በየዓመቱ የተመዘገቡት ውጤቶች በነጥብ ይመለከቱና ከሁሉም ጋር በተቻለ መጠን የሚቀራረብ አንድ ቀጥተኛ መስመር በመካከላቸው ይሰመራል። መስመሩ ወደ ፊት ሲረዝም ገና ያልተሮጠ ሩጫ ውጤት ያመለክታል። ለመሆኑ ይህ መስመር በሰው ላይ የመፍረድ ሥልጣን አለውን?

እ.ኤ.አ. በ1992 ብራያን ዊፕና ሱዛን ዋርድ የተባሉ ተመራማሪዎች የወንዶችንና የሴቶችን የሩጫ ክብረ ወሰኖች አነጻጽረው «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉ። የሴቶቹ መሻሻል እጅግ የፈጠነ ስለ ነበር፣ ሁለቱ መስመሮች እንዲሁ ቢቀጥሉ በማራቶን በ1998 ገደማ እንደሚገናኙ አመለከቱ። ዓመቱ ደረሰ። ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ በሮተርዳም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያው ዓመት ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገባ። ይገናኛሉ በተባለበት ዓመት በመካከላቸው ከ14 ደቂቃ በላይ ልዩነት ነበር።

የመደመርና የማካፈል ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ የነጥቦቹን ታሪክ መርሳት ነበር። በ1964 ስኮትላንዳዊቷ ዴል ግሬግ በ3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ስትገባ፣ ሴት ማራቶን መሮጧ ራሱ እንደ እንግዳ ነገር ይታይ ነበር። የቦስተን ማራቶን ለሴቶች በይፋ የተፈቀደው በ1972፣ የኦሊምፒኩ ደግሞ በ1984 ነው። በሮቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሰዓቱም አብሮ ወረደ፤ በ1985 ኖርዌያዊቷ ኢንግሪድ ክርስቲያንሰን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ላይ አደረሰችው። በ21 ዓመት ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀነሰ። ከዚያ ላይ 19 ሰከንድ ለመቀነስ ግን 13 ዓመት ፈጀ። መስመሩ የሴቶችን ጉልበትና የተነሣላቸውን ክልከላ ደባልቆ ለክቶ ነበር፤ አንዴ የተነሣ ክልከላ ደግሞ ዳግመኛ አይነሣም።

መስመር አብዝቶ እንደሚሰጥ ሁሉ አጉድሎም ይነፍጋል። በዚያው በ1992 ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ርቀቱ ለሴቶች በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የወርቅ ሰንጠረዥ ላይ መስመር ያሰመረ ሰው ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የሚያገኘው ዜሮ፣ የሚተነብየውም ዜሮ ነበር።

ይህ ሲባል ግን ቁጥር ይጣል ማለት አይደለም። ሰዓት ዘመድ የለውም፤ የአገሬ ልጅ ብሎም አያዳላም። ምርጫ በትውውቅ በሚካሄድበት ቦታ ሰው ለሌለው ወጣት ጠበቃው የሮጠበት ሰዓት ነው። ችግሩ የሚመጣው የብዙዎች አማካይ በአንዱ ላይ የተቆረጠ ፍርድ ሆኖ ሲነበብ ነው። የዝናብ ትንቢት ደመናውን አያግደውም፤ ስለ ሰው የተነገረ ትንቢት ግን ሰውየውን ሊያግደው ይችላል። «በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል የሮጠች ከዚህ በላይ አትሻሻልም» ተብላ ከልምምድ የተገለለች ልጅ፣ ትንቢቱን የምታፈርስበትን ሩጫ ሳትሮጥ ትቀራለች። መስመሩም ሳይፈተን እውነት መስሎ ይኖራል።

ስለዚህ በቁጥር የሚተነብይ ሁሉ ሁለት ጥያቄ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ከነጥቦቹ መካከል እንዳይገቡ የተደረጉት እነማን ናቸው? ትንቢቱ ቢሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በሌላ ወረቀት ይታረማል፤ ከሜዳ የተመለሰች ልጅ ወጣትነት ግን የሚታረምበት መንገድ የለም። ጥርጣሬ ባለበት ፍርዱን ለሩጫው መተው ይገባል።